ጥቁርና ወርቃማዋ መኪና ለምን ጠፋች? ስፖንሰሮች የድራግ ውድድር ቡድኖችን ስለሚለቁበት ምክንያት

የቀረበው ጥያቄ፦ «በላስ ቬጋስ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ለብዙ ዓመታት በሚያዝያና በጥቅምት ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው ሜዳ የድራግ ውድድር ስመለከት ቆይቻለሁ። የምደግፋት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ስም የተጻፈባትን ጥቁርና ወርቃማ የቶኒ ሹማከር መኪና ነበር። በ2019 ስሄድ መኪናዋም ሹፌሩም የሉም። አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች ‹ኢኮኖሚው ሲከብድ ስፖንሰር ይሄዳል› አሉኝ። ስምንት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነን ሰው ስፖንሰር እንዴት ይተወዋል? ኑሮ ሲከብድስ ለምን ቀድመው የሚሄዱት እነሱ ናቸው? ጥፋቱ የኩባንያው ነው ወይስ የቡድኑ?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ምክንያቱም በሙያዬ ለረጅም ጊዜ ያዘጋጀሁትና የመረመርኩት በውድድር ቡድኖችና በኩባንያዎች መካከል የሚፈረመውን የስፖንሰርነት ውል ስለሆነ፣ እርስዎ ከመቀመጫዎ ሆነው ያዩትን ባዶ ቦታ እኔ ከወረቀቱ ጀርባ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እርስዎ እንደተጠቀሙበት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ስፖንሰር ወደ ቡድን የሚመጣው የራሱን አንድ ችግር ይዞ ነው፤ የሚሄደውም ያ ችግር ሲለወጥ ነው። የቡድኑ ማሸነፍና መሸነፍ በመምጣቱም ሆነ በመሄዱ ላይ ያለው ድርሻ ተመልካቹ ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ነው። የኢኮኖሚ መከራ የተለየ የሚሆነው የብዙ ኩባንያዎች ችግር በአንድ ወቅትና በአንድ አቅጣጫ ስለሚለወጥ ብቻ ነው። የእርስዎ መኪና ግን የሄደችው በክፉ ዘመን ሳይሆን በደጉ ዘመን ነው፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም ጉዳዩን ከሁሉ የበለጠ የሚያስረዳው የእርሷ ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ማየት ይገባል። ድራግ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው በአጭርና ቀጥ ባለ መንገድ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው፤ ከክፍሎቹ ፈጣኑ የሆነው፣ ቶፕ ፊዩል የሚባለው ክፍል መኪና 8.2 ሊትር የሆነ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ይዞ፣ መቶ እጅ ቢባል 90 እጁ ናይትሮሜቴን የሆነ ነዳጅ እያቃጠለ፣ ከ11,000 በላይ የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። ከ2008 ወዲህ የሚሮጠው 305 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ይህንን ርቀት ከ4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሶ በሰዓት ከ530 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይወጣል። ለዚህች ቅጽበት ጎማ ማሞቂያውን ጨምሮ ወደ 50 ሊትር የሚጠጋ ነዳጅ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ በቅርብ ያየ ሰው አይረሳውም፤ መኪናዋ ተጎትታ ወደ ድንኳኗ እንደገባች ስምንት ወይም አሥር የሚሆኑ ሠራተኞች ይከቧታል፤ አንዱ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ሱፐርቻርጀር ያነሣል፣ ሁለቱ በሁለቱም ወገን ቴስታታ ይፈታሉ፣ አንዱ በጀርባው ተንጋሎ ከሥር ይገባና ፒስተንና ቢየላ ያወጣል፣ ሌላው ገና የሚያጨሰውን ፍሪሲዮን አውጥቶ እያንዳንዱን ዲስክ በመለኪያ ይለካል፤ አሥራ ስድስቱም ካንዴላዎች ይቀየራሉ፣ ዘይቱ ይደፋል። ይህ ሁሉ ሞተሩ በእጅ የማይነካ ትኩስ እንደሆነ፣ የናይትሮው ሽታ ዓይን እያስለቀሰ፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። አንዲት መኪና በአንድ ቀን እስከ አራት ዙር ልትሮጥ ትችላለች፤ በእያንዳንዱም ዙር ይህ ሥራ ከመጀመሪያው ይደገማል።

እንግዲህ በአንድ ዓመት 20 ያህል ውድድሮች ላይ እንዲህ የሚሠራ ቡድን ደመወዙን፣ መለዋወጫውን፣ ተሳቢ መኪናዎቹን፣ ሆቴሉንና ነዳጁን ጨምሮ ብዙ ጊዜ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣል። ሽልማቱ ግን ከዚህ ጋር አይመጣጠንም። ፉል ስሮትል የተባለው መጠጥ የውድድሩ ስያሜ በነበረበት ዘመን የዓመቱ ሻምፒዮን የሚያገኘው ጉርሻ 500,000 ዶላር ነበር። ይህ የዓመቱን ወጪ ስድስተኛ እጅ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ስለዚህ «ስምንት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው እንዴት ያለ መኪና ይቀራል?» ለሚለው ጥያቄዎ የመጀመሪያው መልስ እዚህ አለ፤ በዚህ ስፖርት ማሸነፍ ክብርን እንጂ እንጀራን አያስገኝም። እንጀራው የሚመጣው በመኪናዋ ጎን ላይ ስሙ ከተጻፈው ኩባንያ ነው።

ያ ኩባንያ ታዲያ በገንዘቡ የሚገዛው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ማስታወቂያ» ይላል፤ ከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የድራግ ውድድር የቴሌቪዥን ተመልካች ናስካር እንደሚባለው ሌላው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ብዙ ሆኖ አያውቅም፤ እስከ 2015 ኢኤስፒኤን በተባለው የስፖርት ቴሌቪዥን በቆየባቸው ዓመታት ስርጭቱ ብዙ ጊዜ እሑድ ሌሊት ዘግይቶ የሚተላለፍ ነበር። ይህ ስፖርት ሌላው የሌለው አንድ ሀብት አለው፤ ማንኛውም የመግቢያ ትኬት ወደ ቡድኖቹ ሰፈር ያስገባል። ኩባንያው ደንበኞቹን፣ አከፋፋዮቹንና የሱቅ ኃላፊዎቹን ጋብዞ ከድንኳኑ ሥር ምሳ እያበላ፣ ሞተሩ በአምስት ሜትር ርቀት ሲፈታ ያሳያቸዋል፣ ከሹፌሩ ጋር ፎቶ ያነሣቸዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ትዕዛዝ ይቀበላቸዋል። ልምድ ያላቸው ኩባንያዎች ለቡድኑ ለሚከፍሉት ለእያንዳንዱ ዶላር ቢያንስ ሌላ አንድ ዶላር ለግብዣው፣ ለጉዞውና ለስጦታው ይመድባሉ። ይህ ሁለተኛው ዶላር በውሉ ውስጥ አይገኝም፤ ስለዚህም በክፉ ቀን መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነው። እኔ በሥራዬ ስፖንሰር ሊሄድ መሆኑን የማውቀው ከደብዳቤ አይደለም፤ የእንግዶቹ ወንበር ሲመናመን ነው። መቶ ሰው ይቀመጥበት በነበረው ድንኳን ሃያ ሰው ካየሁ፣ ውሉ የቀረው ዕድሜ በወራት እንደሚቆጠር እገምታለሁ፤ ብዙ ጊዜም አልተሳሳትኩም።

ኢኮኖሚ ሲከብድ ስፖንሰርነት ቀድሞ የሚሰረዝበት ምክንያት ኩባንያዎች ስፖርትን ስለሚንቁ አይደለም። ፋብሪካ መዝጋት ዓመታት ይፈጃል፣ ሠራተኛ ማሰናበት ካሳ ያስከፍላል፣ የባንክ ዕዳ ካልተከፈለ ፍርድ ቤት ያቆማል። የስፖንሰር ውል ግን የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል፤ ያ ቀን ሲደርስ አለማደስ ብቻ በቂ ነው፤ ክስም የለ፣ ካሳም የለ። በዚያ ላይ አንድ ኩባንያ ሁለት ሺህ ሠራተኞች እያሰናበተ የኩባንያው ስም የተጻፈበት መኪና በእሑድ ከሰዓት እሳት ሲተፋ በቴሌቪዥን መታየቱን የሥራ አመራር ቦርዱ ሊሸከመው አይችልም። ይህን የመጨረሻውን ምክንያት በአዳራሽ ውስጥ ሲነገር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ የተናገሩት ኃላፊ ራሳቸው ውድድሩን የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ቢሆንም ከሥራ ስለሚሰናበቱት ሰዎች ሲያስቡ ሌላ አማራጭ አላዩም። ልፈርድባቸው አልችልም።

በዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያው ቡድኖችን ይጎዳል። ውድድሩ እስከ 2022 በየካቲት ወር፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በመጋቢት ተጀምሮ በኅዳር ካሊፎርኒያ ውስጥ በምትገኘው ፖሞና ያልቃል። ትልልቅ ኩባንያዎች የሚቀጥለውን ዓመት በጀት የሚወስኑት በመኸሩ ወራት ነው። ስለዚህ «አናድስም» የሚለው ቃል ለቡድኑ የሚደርሰው ሌሎቹ ኩባንያዎች ሁሉ በጀታቸውን ከዘጉ በኋላ ይሆናል። ከኅዳር እስከ አዲሱ ውድድር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚሰጥ አዲስ ሰው ማግኘት በደጉ ዘመን እንኳ ከባድ ነው።

በ2008 እና በ2009 የሆነው ይህ ሁሉ በአንድ ላይ የወረደበት ነበር። በአሜሪካ የተሸጡት አዳዲስ መኪኖች በ2007 ከ16 ሚሊዮን በላይ የነበሩት በ2009 ወደ 10.4 ሚሊዮን ወረዱ፤ ክራይስለር በሚያዝያ መጨረሻ፣ ጀነራል ሞተርስ በሰኔ 1 ቀን 2009 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ። የመኪና ፋብሪካዎች ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ስፖርት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም።

የዚያን ዘመን ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው ግን ከመኪና ፋብሪካ ውጭ ያለ ስም ነው። ኬኒ በርንስታይን ከ1980 ጀምሮ በበድዋይዘር ቢራ ቀይ ቀለም የሮጠ፣ በመጋቢት 20 ቀን 1992 በጌንስቪል ፍሎሪዳ በሰዓት 301.70 ማይል በመሮጥ የ300 ማይልን ጣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰበረ፣ በሁለቱ ታላላቅ ክፍሎች በድምሩ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። በኋላም ልጁ ብራንደን ያንኑ ቀይ መኪና ይዞ ቀጠለ። በኅዳር 2008 ኢንቤቭ የተባለው የአውሮፓ ቢራ ጠማቂ ድርጅት የበድዋይዘርን ባለቤት በ52 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። አዲሱ ባለቤት እያንዳንዱን ወጪ በየዓመቱ ከዜሮ ጀምሮ «ይህ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ በመመርመር የታወቀ ነው። በ2009 ማብቂያ ላይ ሠላሳ ዓመት የቆየው ስፖንሰርነት አበቃ። ሠላሳ ዓመት! የአንድ ሰው የሥራ ዕድሜ ማለት ነው። ኮፓርት የተባለ የተጎዱ መኪኖች አጫራች ድርጅት በ2010 ቦታውን ተካ፤ እርሱም በ2011 መጨረሻ ሲለቅ በርንስታይን ቡድኑን ዘግቶ ወጣ። የ300 ማይልን ጣሪያ የሰበረ ስም እንኳ ሁለት ጊዜ ስፖንሰር ሲያጣ አልተረፈም። ዶን ፕሩዶምም ከዚህ የተለየ ዕጣ አልደረሰውም፤ በ1970 ሆት ዊልስ በተባለው የልጆች መጫወቻ መኪና ስም በመሮጥ ከመኪና ንግድ ውጭ ያለ ገንዘብን ወደዚህ ስፖርት ካስገቡት ሰዎች አንዱ የነበረው ይህ ሰው፣ ከ2009 ውድድር በኋላ ስፖንሰር በማጣቱ ቡድኑን ዘጋ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ቅርብ የሆነ ሌላ ታሪክ አለ። ኳታራዊው ሼክ ኻሊድ ቢን ሐማድ አል ሣኒ፣ ከታዋቂው የሞተር ባለሙያ ከአለን ጆንሰን ጋር አል-አናቢ የሚባለውን ቡድን ወደ አሜሪካው ውድድር አስገቡ። ስሙ የኳታር ባንዲራ የያዘውን ቀለም የሚያመለክት ነው። ሌሎች በሚሰደዱበት ጊዜ የገባው ይህ ቡድን ወዲያው ውጤት አመጣ፤ ላሪ ዲክሰን በ2010፣ ዴል ወርሻም በ2011፣ ሾን ላንግደን በ2013 የቶፕ ፊዩል ሻምፒዮን ሆኑ። ዱባያዊው ኻሊድ አል-በሉሺም ከሹፌሮቹ አንዱ ነበር። በጥር 2015፣ የመጀመሪያው ውድድር ሊጀመር ሳምንታት ብቻ ሲቀሩ፣ ከኳታር የሚመጣው ገንዘብ መቋረጡ ተነገረ። ጊዜው በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው የነዳጅ በርሜል ከ50 ዶላር በታች የወረደበት ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ዋንጫ ያነሣ ቡድን በአንድ ማስታወቂያ ተበተነ። የዚህ ቡድን ጥንካሬም ድክመትም አንድ ነገር ነበር፤ ገንዘቡ ከአንድ ምንጭ ይመጣ ነበር፣ ያ ምንጭ ሲደርቅ የሚጠጋው ሁለተኛ ምንጭ አልነበረውም።

አሁን ወደ እርስዎ መኪና። ጦር ሠራዊቱ በ2000 ወደ ቶኒ ሹማከር የመጣው ዘይት ወይም ጎማ ለመሸጥ አልነበረም፤ ወጣቶችን ለመመልመል ነበር። በውድድሩ ሜዳ የሚመላለሰውን የአሥራ ሰባትና የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት፣ ሞተር መፍታት የሚወደውን ልጅ፣ ፈልጎ ለማግኘት ነበር። ሹማከር ከስምንቱ ዋንጫዎች ሰባቱን ያነሣው በዚያ ቀለም ነው፤ ከ2004 እስከ 2009 ስድስቱን በተከታታይ፣ ከዚያም በ2014። በ2009 ኩባንያዎች ሁሉ ሲሸሹ ጦሩ አልሸሸም። እኔ እንደምረዳው ይህ አያስገርምም፤ ሥራ ሲጠፋ ወጣቱ ወደ ምልመላ ጣቢያ ይሄዳል፣ መልማዩም ወጣቱ ባለበት ቦታ መገኘትን አይተውም። በ2018 ግን የአሜሪካ የሥራ አጥ ቁጥር ከመቶ 4 በታች ወርዶ ነበር፤ ሥራ በየቦታው ስለሚገኝ ጦሩ በዚያ ዓመት ያቀደውን 76,500 ምልምል ማግኘት አልቻለም፤ ከ6,000 በላይ ጎደለው፤ እንዲህ ያለ ጉድለት ከ2005 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያም የማስታወቂያ ገንዘቡን ወጣቱ በስልኩ ወደሚውልባቸው መድረኮች አዞረ፤ በ2018 መጨረሻም የሹማከር ውል አበቃ። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦችዎ የነገሩዎት ለበርንስታይን እውነት ነው፤ ለእርስዎ መኪና ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሄደችው ኢኮኖሚው ስለከበደ ሳይሆን ስለተመቸ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ግን አንድ ነገር ይናገራሉ፦ ቢራ ጠማቂውም ጦሩም የሄዱት የራሳቸው ችግር ስለተለወጠ ነው፤ ቡድኖቹ በመሸነፋቸው አልነበረም።

ውድድሩን የሚያስተዳድረው ማኅበር ራሱ፣ ኤንኤችአርኤ፣ ከዚህ አላመለጠም። ዊንስተን ሲጋራ ከ1975 ጀምሮ የውድድሩ ስያሜ ነበር፤ በ1998 የሲጋራ ኩባንያዎች ከአሜሪካ ግዛቶች ጋር ባደረጉት ስምምነት አንድ የስፖርት ስፖንሰርነት ብቻ እንዲያስቀሩ ሲገደዱ ባለቤቱ ናስካርን መረጠና ከ2001 በኋላ ድራግን ለቀቀ። ኮካ ኮላ በፓወሬድ፣ በፉል ስሮትልና በሜሎ የሎ ስሞች ከ2002 ጀምሮ ተተካ። ወረርሽኙ በመጣበት በ2020 ኮካ ኮላ ውሉ ሳያበቃ ሊወጣ በመፈለጉ ማኅበሩ በመስከረም ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ ጉዳዩ በኋላ በስምምነት አለቀ፤ ካምፒንግ ወርልድ የተባለው የመዝናኛ ተሽከርካሪዎች ሻጭም በሳምንታት ውስጥ ቦታውን ያዘ። በዚያው ዓመት 16 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው የጆን ፎርስ ቡድን ከየካቲት ሁለት ውድድሮች በኋላ መኪኖቹን ሁሉ አቁሞ እስከ 2021 አልተመለሰም። ይህንን የማነሣው ፎርስ አቅም አጥቶ ነበር ለማለት አይደለም፤ እንግዳ በማይጋበዝበት፣ ተመልካች በግማሽ በሚገባበት ሜዳ ስፖንሰሩ የከፈለበትን ነገር ማቅረብ እንደማይቻል ስላሳየ ነው።

ፎርስን ካነሣሁ አይቀር፣ መልካም የሆነ አወጣጥ ምን እንደሚመስልም የእርሱ ታሪክ ያሳያል። ካስትሮል ዘይት ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አብሮት ቆይቶ፣ ፎርድም አብሮት ሠርቶ፣ ሁለቱም በ2014 ማብቂያ ለቀቁት። ለአንድ ቡድን ከዚህ የከፋ ምት ሊኖር አይችልም። ነገር ግን ውሳኔው ቀደም ብሎ ስለተነገረው ጊዜ አገኘ፤ በ2015 ፒክ በተባለ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽና በሼቭሮሌ ስም ሜዳ ላይ ነበር። ኩባንያ ከቡድን መሄዱ በራሱ በደል አይደለም፤ በጥር ወር መሄዱ ግን በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

የማይሄዱም አሉ፤ እነርሱን ማወቅ ጠቃሚ ነው። ኑሮ ሲከብድ ሰው አዲስ መኪና መግዛቱን ትቶ አሮጌውን ያስጠግናል፤ ስለዚህ መለዋወጫ ሻጮች በ2008 እና በ2009 ብዙ አልተጎዱም፤ ገበያቸው የጨመረላቸውም ነበሩ። ሮን ካፕስን በናፓ መለዋወጫ ቀለም ለብዙ ዓመታት የምናየው በአጋጣሚ አይደለም። በዚያ ሰፈር ድንኳን ሥር የሚቀመጠው እንግዳ መካኒክና የጋራዥ ባለቤት ነው፤ ሰኞ ሥራው ሲገባ ካንዴላና ፍሬን የሚያዘው ከዚያው ድርጅት ነው። በድንኳኑና በሽያጩ መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው። መንገዱ አጭር የሆነለት ስፖንሰር በክፉ ቀን ውሉን ለቦርዱ ማስረዳት ይችላል፤ መንገዱ ረጅም የሆነበት ግን «ስማችን ታየ» ከማለት በቀር መልስ የለውም።

ሰዎቹ ላይ የሚደርሰውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አንድ ኅዳር በፖሞና የመጨረሻው ውድድር ካለቀ በኋላ፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ ቡድን ጋር ሒሳብ ልዘጋ ሄጄ ነበር። የስፖንሰሩ ኩባንያ ውሉን እንደማያድስ የነገራቸው በዚያው ሳምንት ነው። ፀሐይ ልትገባ ስትል ሁለት መካኒኮች ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ ከትልቁ ተሳቢ ላይ ስቲከሩን ያነሡ ነበር፤ አንዱ ያሞቃል፣ ሌላው ጫፉን በጥፍሩ ይዞ ቀስ ብሎ ይስባል። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወለቁ፤ ከሥራቸው ያለው ነጭ ቀለም በፀሐይ ካልተነካ አዲስ ሆኖ ስለቆየ የኩባንያው ስም ከተላጠ በኋላም ይነበብ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ልጁ በጥር ትወለዳለች፤ የጤና መድኅኑ ግን ከደመወዙ ጋር በታኅሣሥ ያበቃል። ኩባንያው ለቡድኑ የጻፈውን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ፤ በጨዋነት የተጻፈ፣ በሕግ ምንም የማይወጣለት ደብዳቤ ነበር። ስለ መካኒኮቹ አንድም ቃል የለበትም። ውሉን ያዘጋጀሁት ግን እኔ ነበርኩ፤ በውሉም ውስጥ ስለእነርሱ አንድም ቃል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የማዘጋጃቸው ውሎች ሁሉ አንድ አንቀጽ አላቸው፤ ማንኛውም ዋና ስፖንሰር እንደማያድስ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በጽሑፍ ካላሳወቀ የቀጣዩን ዓመት ሦስት ወር ክፍያ ይከፍላል ይላል። ሁሉም ኩባንያ አይቀበለውም። የሚቀበሉት ግን አሉ፤ ምክንያቱም ነሐሴ ላይ መናገር ለኩባንያው የሚያስወጣው ነገር የለም፤ ለቡድኑ ግን ስድስት ወር ይሰጠዋል።

«ጥፋቱ የማን ነው?» ላሉት፣ እንደ እኔ ግምት ትልቁ ጥፋት ያለው በውሉ ቅርጽ ላይ ነው፤ ለዚህም ተጠያቂዎቹ ሁለቱም ወገኖች ናቸው፤ የቡድኖቹ ግን ጥቂት ያመዝናል እላለሁ። ብዙ ቡድን መሪዎች አንድ ትልቅ ስፖንሰር ሲያገኙ ሌሎቹን ማፈላለግ ያቆማሉ፤ መኪናዋን ሙሉ በሙሉ በአንድ ቀለም ለመቀባት የሚከፈለው ገንዘብ ከፍ ያለ ስለሆነ ትንንሾቹ ስሞች ይገፋሉ። ወጪያቸውንም በዚያው ገንዘብ ልክ ያሳድጉታል፤ ሁለተኛ ተሳቢ ይገዛሉ፣ ሠራተኛ ይጨምራሉ፣ ለመጪው ክፉ ቀን የሚተርፍ የሁለት ወር ደመወዝ እንኳ አያስቀምጡም። ከዓመታዊ ገቢው ግማሽ በላይ ከአንድ ስፖንሰር የሚያገኝ ቡድን፣ ዋንጫው ምንም ያህል ቢበዛ፣ የዚያ ኩባንያ አንድ ክፍል እንጂ ራሱን የቻለ ድርጅት አይደለም። ይህን ለቡድን ባለቤቶች ስነግራቸው ብዙዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ትልቁ ቼክ ሲመጣ ግን እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን እረዳለሁ።

ስለ ሹማከር ላረጋግጥልዎ የምችለው መልካም ዜና አለ። የ2019ን ወቅት ያለ መኪና ካሳለፈ በኋላ በ2020 ወደ ሜዳው ተመልሷል፤ በኋላም ስካግ በተባለ የሣር ማጨጃ አምራች ስም ሮጧል። ሣር ማጨጃ የሚገዙ ሰዎችና ሣር ማጨጃ የሚሸጡ ባለሱቆች በዚያ ሜዳ ብዙ ናቸው፤ በድንኳኑና በሽያጩ መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው።

በሚቀጥለው ጥቅምት ወደ ሜዳው ሲሄዱ ትኬትዎ ወደ ቡድኖቹ ሰፈር እንደሚያስገባዎ አይርሱ። ከውድድሩ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ከድንኳን ወደ ድንኳን ይዘዋወሩ፤ ሞተሩ ሲፈታ ከማየትዎ በፊት ግን ከገመዱ ወዲያ ወንበር ላይ የተቀመጡትን እንግዶች ይቁጠሩ፤ የማን ደንበኞች እንደሆኑም ይጠይቋቸው፤ ደስ ብሏቸው ይነግሩዎታል።